ተቀምጦ የሚሠራ ስፖርት፦ ካያክ በጅቡቲ፣ በጋቦዴ ባሕር



እኛ የጋቦዴ ኢትዮጵያውያን ባሕር በከበባት በጅቡቲ ከተማ እየኖርን ባሕሩን የምናውቀው በዕቃ በኩል ነው፤ በኮንቴይነር፣ በማዳበሪያ፣ በስንዴ፣ በብረት። የአገራችን የወጪና ገቢ ንግድ አብዛኛው በዚህ ወደብ ያልፋል፤ የብዙዎቻችንም እንጀራ ከዚሁ ነው። ሰውነታችን ግን ከወንበር አይነሣም። ሾፌሩ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በገላፊ በኩል እዚህ እስኪደርስ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ መሪ እንደጨበጠ ነው። ትራንዚተሩ ከሰነድ ጋር ይውላል፤ ነጋዴው ከሱቁ አይወጣም። ከቀትር በኋላ የአወዳይ ጫት ሲገባ ደግሞ ቆሞ የዋለውም ይቀመጣል። ስለ ጫቱ ብዙ አልናገርም፤ የምታውቁትን መልሶ መንገር ይሆንብኛል።

እንግዲህ ተቀምጦ ለሚውል ሰው ተቀምጦ የሚሠራ ስፖርት ይዤ መምጣቴ ሊያስቃችሁ ይችላል። ቢሆንም ልቀጥል።

ካያክን የፈጠሩት በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖሩ አዳኞች ናቸው፤ ኢኑይቶችና አሌውቶች። የእንጨት ወይም የአጥንት ማገር ሠርተው የባሕር እንስሳ ቆዳ ያለብሱታል። ከበርሊን ኦሊምፒክ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1936 ወዲህ የኦሊምፒክ ውድድር ነው። ለእኛም ቢሆን ባዕድ አይደለም። የጣና ታንኳ ቀዛፊ በደንገሉ ላይ ተቀምጦ፣ ረጅም ዘንጉን በሁለት እጁ ይዞ፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ውኃውን እየገፋ ይሄዳል። ዛሬ ለጀማሪ የሚመከረው ካያክም እንደዚያው ከላዩ የሚቀመጡበት ነው፤ ቢገለበጥ ሰውን ውስጡ አያስቀርም።

ጀማሪ በክንዱ ይቀዝፋል። ጥቂት እንደሄደ ክንዱ ይዝላል፤ ይህ የጎረምሳ ሥራ ነው ብሎ ይተወዋል። ደኅና ቀዘፋ የሚነሣው ከእግር ነው። በቀኝ ስትቀዝፉ ቀኝ እግራችሁ የእግር መደገፊያውን ይገፋል፤ ዳሌ ይከተላል፤ ከወገብ በላይ ያለው አካል ይዞራል፤ ሰፊው የጀርባ ጡንቻ ይስባል። የክንድ ድርሻ ያንን ኃይል ወደ መቅዘፊያው ማሳለፍ ነው። መቅዘፊያው ከእግር አካባቢ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ዳሌ ላይ ሲደርስ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ወደ ኋላ መጎተት ትከሻን ማድከም ብቻ ነው። ጀልባው ስለሚወዛወዝም የሆድና የጎን ጡንቻዎች ሚዛን ለመጠበቅ ያለ ዕረፍት ይሠራሉ። መሪ ላይ ጎብጦ የዋለ ጀርባ የሚያጣው ይህንኑ መዞርና መሳብ ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰውም አስፋልት ላይ ሳይንቀጠቀጥ ልቡንና ሳንባውን ማሠራት ይችላል።

ልኩን እንወቅ። የሰውነት እንቅስቃሴን ጉልበት የሚመዝኑ ባለሙያዎች መካከለኛ የካያክ ቀዘፋን ከዕረፍት 5 እጥፍ ያህል አድርገው ይገምቱታል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ ሰዓት 350 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል ማለት ነው፤ ከፈጣን እርምጃ ከፍ ይላል፣ ከሩጫ ግን ያንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን የጡንቻ ሥራ ይመክራል። ካያክ ከሁለቱም ያዋጣል። የማይሰጠውም አለ፤ እግር ክብደት ስለማይሸከም ለአጥንት ጥንካሬ እምብዛም አይጠቅምም። የሚቀዝፍ ሰው መራመዱን አይተው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልግባ። ባሕር ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ኦቦክ ይሄዳል። በ2016 ዓ.ም. በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ አጋማሽ፣ ከየመን የሚመለሱ ኢትዮጵያውያንን የጫኑ ሁለት ጀልባዎች እዚያው ኦቦክ ክልል ውስጥ በጎዶርያ አቅራቢያ ተገልብጠዋል፤ በመጀመሪያው ብቻ ቢያንስ 38 ወገኖቻችን ሞተዋል፣ ሕፃናትም ነበሩባቸው። ይህ በሆነበት ውኃ አጠገብ ስለ መዝናኛ ማውራት ድፍረት ሊመስል ይችላል። በእኔ አስተያየት ግን ከባሕር መራቅ ማንንም አላዳነም። ነፋስ ከየት እንደሚነፍስ፣ የመንሳፈፊያ ሰደርያ እንዴት እንደሚታጠቅ፣ የወደቀ ሰው እንዴት ተመልሶ እንደሚወጣ የሚያውቅ ሰው ባሕሩን በሚገባው መጠን ይፈራል።

ስለ ነፋሱ ላብራራ። በሞቃቱ ወቅት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ኸምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ አሸዋ ተሸክሞ ከምዕራብ፣ ከየብስ ወደ ባሕር ይነፍሳል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከየብስ የሚነፍስ ነፋስ ተንኮለኛ ነው፤ ዳር ላይ ውኃው የተኛ ይመስላል፣ ርቃችሁ ስትሄዱ ግን መመለሻውን ይነሣችኋል። በእነዚያ ወራት ካያክን እርሱት፤ ይህ ምክር ሳይሆን ክልከላ ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው ወቅት ቀዝቀዝ ይላል። ያኔም ቢሆን ጎሕ ሲቀድ ወጥታችሁ ፀሐይ ሳትበረታ ተመለሱ። አየሩ እርጥብ ስለሆነ ላብ ቶሎ አይተንም፤ ሰውነትም እንደልቡ አይቀዘቅዝም። ስለዚህ ለአንድ ሰዓት ቀዘፋ ቢያንስ አንድ ሊትር ውኃ ያዙ።

መጀመሪያ ነፋሱን ፊት ለፊት እየገጠማችሁ ቅዘፉ፤ ስትደክሙ እሱው ይመልሳችኋል። በዳርቻው ተከትላችሁ፣ እግራችሁ መሬት ከሚነካበት ጥልቀት ሳትርቁ ሂዱ። በዝግታ አሟሙቁ፤ ከዚያ 3 ደቂቃ ጠንከር፣ 2 ደቂቃ ለዘብ እያደረጋችሁ ደጋግሙ። ጠንከሩ ላይ አጭር ዓረፍተ ነገር ለመናገር መቻል አለባችሁ፤ ካልቻላችሁ በዝቶባችኋል። የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ሰዓትም ይጠየቅ። በሲዬስታ ዳርቻ ባሕሩ ሲሸሽ ጀልባ ተሸክሞ ጭቃ ማቋረጥ ይመጣል፤ እሱም ስፖርት ነው ካላችሁ አልከራከርም። ወደ ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች በካያክ ለመሻገር የሚያስብ ጀማሪ ካለ ግን ሐሳቡን ይተው፤ መርከብ የሚመላለስበት ሰፊ ውኃ ነው። የወደቡና የጦር ሰፈሮቹ አካባቢ የተከለከለ ስለሆነ የባሕር ጠባቂዎችን ሳትጠይቁ አትጠጉ። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

በመጨረሻ የኢትዮጵያውያን ማኅበራችንን መሪዎች የምለምነው ካያክ እንዲገዙልን አይደለም። አብዛኞቻችን ከደጋ ስለመጣን ዋና አንችልም። ከጥቅምት በፊት ለልጆችም ለአዋቂዎችም የዋና ትምህርት ይከፈት፤ ሴቶች የሚማሩበት የተለየ ሰዓት ይኑረው። ሰደርያ በጋራ ይገዛ። ጀልባው ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ መጀመሪያም ሁለት ሰው የሚይዘው ይሁን፣ ማንም ብቻውን እንዳይወጣ።