አንድ እግር ብቻ ሲያብጥ



እኛ ሒሳብ ክፍል የምንሠራው ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ስለምንውል እግር ቢከብደን ለምደነዋል። አንዱ እግር ብቻ አብጦ ባቱን ሲያም፣ ሲሞቅ ግን ሌላ ነው፤ በውስጠኛው ደም ሥር ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል።

በተለይ አራስ ትጋለጣለች፣ እስከ 6 ሳምንትና ከዚያም በላይ፤ በኦፕራሲዮን ከወለደች ደግሞ ይብሳል። እኛ አራስን ገንፎ እያበላን «ከአልጋ እንዳትነሺ» የምንል ሰዎች ነን። ገንፎው ይቀጥል፤ ግን ሐኪም ካልከለከላት ቀስ እያለች ትራመድ። እግሯ ሲያብጥም «ብርድ መትቷት ነው» ብሎ በቅባት ማሸት፣ ወጌሻ መጥራት ይቅር። የረጋው ደም ተፈናቅሎ ሳንባ ከገባ ድንገት ትንፋሽ ያጥራል፣ ደረት ይወጋል፣ አንዳንዴም ሳሉ ደም ይቀላቅላል። ያኔ የተገኘው መኪና ተይዞ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ለነገ አይባልም።

እግሩ በዶፕለር አልትራሳውንድ፣ ሳንባው በሲቲ ስካን ይታያል። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ የሄፓሪን መርፌ፣ ቀጥሎ ዋርፋሪን ቢያንስ ለ3 ወር ነው።

የማኅበራችን ገንዘብ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የድንገተኛ መዋጯችን የሚያስበው የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ነው። ዋርፋሪን ግን አይኤንአር በሚባል የደም ምርመራ ካልተመጠነ ሲያንስ ደሙ ዳግም ይረጋል፣ ሲበዛ ያደማል። ከመቂ ወይም ከዝዋይ አዳማ የምትመላለስ እህት መሳፈሪያ ስታጣ ምርመራው ይቀራል። (በጾም ጎመን የምናበዛም ለሐኪሙ እንንገር፤ ጎመን የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል።)

ስለዚህ የ3 ወሩ መመላለሻና ምርመራ ከመዋጮው እንዲሸፈን ለሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳብ አቅርበናል። ደረሰኝ አስቀምጡ።