ሚዛን የማያነሣው ጌጥ



ወርቅ ቤት የገባ ሰው አስቀድሞ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ስንት ካራት ነው? ስንት ግራም ይመዝናል? ለሁለቱ መልስ ከተገኘ ቀሪው የዋጋ ክርክር ብቻ ነው። ኔዘርላንዳዊው ኻይስ ባከር ከሠራቸው ጌጦች ብዙዎቹ ግን በእነዚህ ጥያቄዎች አይያዙም። ሚዛን ላይ ቢወጡ የረባ ክብደት የላቸውም፤ የተሠሩበት ወረቀትና ፕላስቲክ ደግሞ ካራት አያውቅም።

ባከር ወርቅን የተወው ሙያውን ስላልቻለበት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1942 በአመርስፎርት ከተማ ተወልዶ በአምስተርዳምና በስቶክሆልም የጌጣጌጥ ሥራ ተምሯል። በ1967 ከባለቤቱ ከኤሚ ፋን ሌርሱም ጋር በአምስተርዳሙ ስቴደሌክ ሙዚየም ባቀረቡት ትርኢት ሞዴሎቹ አንገታቸው ላይ ያጠለቁት ግዙፍ የአሉሚኒየም ጌጥ ነበር። አሉሚኒየም ለአውሮፕላንና ለማብሰያ ዕቃ የሚውል፣ በርካሽ የሚገኝ ብረት ነው። ጥንዶቹ ጌጥ የባለጸጋ መለያ መሆኑ እንዲቀር፣ ዋጋውም ከሐሳቡና ከቅርጹ እንዲመነጭ ፈለጉ።

ፎቶግራፍ ወደዚህ ታሪክ የገባው በእጅ አዙር ነው። በ1973 ባከር «የጥላ ጌጥ» የተሰኘውን ሥራ ሠራ። ቀጭን የወርቅ ሽቦ ሰውነት ላይ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰርና ይፈታል። ቆዳው ላይ የሚቀረው ሰንበር ነው እንግዲህ ጌጡ። ወርቁ እዚህ ላይ ያገለገለው እንደ መሣሪያ ነው፤ ሥራውን ጨርሶ ዞር ይላል። ሰንበሩም ብዙ ሳይቆይ ይጠፋል። ስለዚህ ይህን ጌጥ ዛሬ ማየት የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ፎቶግራፉን ነው። የቱ ነው ታዲያ ዋናው ሥራ? ሽቦው፣ የጠፋው ምልክት ወይስ ፎቶው?

ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ በ1982፣ ባከር ፎቶውን ራሱን ጌጥ አደረገው። «የጤዛ ጠብታ» የተባለው ሐብል ጤዛ ያረፈበት የጽጌረዳ አበባ ትልቅ ባለ ቀለም ፎቶግራፍ ሲሆን፣ እንደ መታወቂያ ካርድ በፒቪሲ ፕላስቲክ ላሚኔት ተደርጓል። ሰው መሐሉን አንገቱ ላይ ሲያጠልቀው ቅጠሎቹ ትከሻው ላይ ይዘረጋሉ፤ ፊቱ ከአበባው መሐል የበቀለ ይመስላል። ጠብታዎቹ ከሩቅ እንደ አልማዝ ያበራሉ። ቀረብ ብሎ ለሚያይ ግን አልማዝም የለም፣ ውኃም የለም፣ አበባም የለም፤ ያለው ቀለም ነው። የሆነ ሆኖ ጌጡ ያምራል፤ አንገት ላይ ሲውልም የተመልካችን ዓይን ይስባል። ባከር ሰውን ያስጨነቀው እዚህ ላይ ነው፤ ከጌጥ የሚፈለገው ይህ ከሆነ ወርቁ ለምን አስፈለገ?

ጀርመናዊው ፈላስፋ ቫልተር ቤንያሚን በ1930ዎቹ በጻፈው ዝነኛ ድርሰት ከአንድ የፎቶግራፍ ኔጋቲቭ ብዙ ቅጂ ስለሚታተም «ትክክለኛው ቅጂ የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም እንደሌለው አስረድቷል። የከበረ ጌጥ ደግሞ በተቃራኒው በእውነተኛነቱ የሚኖር ነገር ነው። ባከር ሁለቱን አንድ ላይ ሲያጣብቅ አንዱ የሌላውን ዋስትና ማፍረሱ አልቀረም። በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የስፖርተኞችን የጋዜጣ ፎቶግራፎች ላሚኔት አድርጎ ከእውነተኛ እንቁ ጋር ሲያዋድድም ይህንኑ ቀጥሏል። ነገ የስኳር መጠቅለያ የሚሆን ጋዜጣና ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ አልማዝ በአንድ ጌጥ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

በሙኒክ የሚሠራው፣ በ1948 ዙሪክ የተወለደው ጌጥ ሠሪ ኦቶ ኩንዝሊ ወደዚሁ ጥያቄ በሌላ በር ገብቷል። የወርቅ ዋጋ በጥር 1980 አንዱ አውንስ 850 ዶላር ደርሶ ክብረ ወሰን ሰበረ። በዚያው ዓመት ኩንዝሊ «ወርቅ ያሳውራል» የሚል አምባር ሠራ። ጥቁር የጎማ ቱቦ ነው፤ ውስጡ የወርቅ ኳስ አለ ይባላል። ከላይ የሚታየው እብጠት ብቻ ነው። ማረጋገጥ የሚሻ ጎማውን መቅደድ፣ ማለትም ሥራውን ማጥፋት አለበት፤ ያልቀደደ ደግሞ አምኖ ከመልበስ ሌላ ምርጫ የለውም።

ይኸው ሰው በ1984 «የውበት ጋለሪ» በሚለው የፎቶግራፍ ሥራው ሴቶችን በአንገታቸው ከባድ የሥዕል ክፈፍ አጥልቀው አሳየ። ርዕሱ የባቫሪያው ንጉሥ ሉድቪግ ቀዳማዊ ያሠራቸውን፣ ሙኒክ በሚገኘው ኒምፌንቡርግ ቤተ መንግሥት የተሰቀሉትን 36 የቆነጃጅት ሥዕሎች ያስታውሳል። ክፈፉ ጌጥ ሆነ፣ ባለ ጌጧም ሥዕል ሆነች።

ቀጥሎ የመጣው ሐብል ግን ፎቶግራፍ አላስፈለገውም። ኩንዝሊ ያገለገሉ የጋብቻ ቀለበቶችን ገዝቶ 48ቱን እንደ ሰንሰለት አያያዛቸው። ወርቅ ቤት ቢወሰድ በግራም ይመዘናል፤ ይሁንና ከእያንዳንዱ ቀለበት ጀርባ ትዳር፣ ፍቺ ወይም ሞት አለ። ወርቅ ሆኖ ሳለ አንገት ላይ ለማዋል የሚከብድ ጌጥ ነው።

የእነዚህ አርቲስቶች ድል ግን ሙሉ አይደለም። ባከር ከከበረ ብረት ያላቀቀው ጌጥ ሙዚየም ገብቷል፤ ሰብሳቢም ይፈልገዋል። ለፕላስቲኩ ዋጋ የሚሰጠው ዛሬ የሠሪው ስም ነው፤ በወርቅ ላይ የሚመታውን የካራት ማኅተም ቦታ የአርቲስቱ ፊርማ ወርሶታል። ባከር የጥያቄውን ግማሽ መልሷል፤ ግማሹ ገና ነው። እዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁ ወጣት ወርቅ ሠሪዎችና ፎቶግራፍ አንሺዎች፣ ቀሪውን ግማሽ በየሙያችሁ ሞክሩት፤ ስማችሁን ሳታስቀድሙ ዋጋ የሚያገኝ ጌጥ ሠርታችሁ ለሕዝብ አሳዩ።