ስዊድ ጫማና የጨው እድፍ

እንደ ሚኒያፖሊስ ባሉ ከተሞች በረዶ ለምትረግጡ፣ የዛሬው ርዕሳችን የጨው እድፍ ነው። አዎ፣ ስዊድ ጫማ ላይ የሚቀረው የጨው እድፍ። ስዊድ ያ እንደ ከፋይ የሚለሰልሰው ቆዳ ነው።

ክረምት ሲገባ በረዶ እንዲያቀልጥ መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል። ጨዋማው ውሃ ቆዳው ውስጥ ይሰርጋል። ታዲያ ውሃው ሲተን ጨው አብሮት አይተንም። ጥቁር ሸሚዝ ለብሳችሁ ፀሐይ ላይ ስትውሉ፣ ላቡ ሲደርቅ ጀርባችሁ ላይ ነጭ መስመር ይቀር የለም? የጨው እድፍም ልክ እንደዚያ ነው።

እና ምን እናድርግ? መጀመሪያ ጫማው ይድረቅ፤ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት። የቀረው ጨው መልሶ መሟሟት አለበት። ስለዚህ ነጭ አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅሉ። ጨርቅ ነክራችሁ ጭምቅ አድርጉ፤ በማይታይ ቦታ ሞክሩትና እድፉን ነካ ነካ አድርጉት። ፈትጋችሁ እንዳታሹት፣ ፀጉሩ ይተኛል። ሽታው? ሲደርቅ ይጠፋል።

ማሞቂያ ላይ ግን አደራ! እኔ አንዴ ቸኩዬ ባስቀምጠው እንደ ቋንጣ ድርቅ አለ። ወረቀት ጠቅጥቃችሁበት ይደር። ጠዋት ፀጉሩን በብሩሽ ቀስ አድርጋችሁ አንሱት።