የማን አድናቂ ነህ?

ይህ መልእክት በመጀመሪያ በሬዲዮ የተላለፈ ነው። አሁን በእጅህ ይዘህ ደጋግመህ እንድታነበው በጽሑፍ ቀርቧል። ወንድሜ፣ እህቴ፣ እስቲ ጥቂት ደቂቃ ጆሮህን ስጠኝ።

ዛሬ ስሙን ስጠራው የአንዳንዶቻችሁ ፊት ይፈካል፣ የአንዳንዶቻችሁ ደግሞ ይኮሳተራል። ዘፋኙ ቴዎድሮስ ካሣሁን ነው፤ ሁላችንም ቴዲ አፍሮ የምንለው። ከጎንደር ወደ መተማ በሚወርደው መንገድ ድምፁን ያልሰማ ማን አለ? ሚኒባሱ ይከፍተዋል፣ ባጃጁ ይከፍተዋል፣ ለሰሊጥ አጨዳ የመጣው ሳሉግ በሜሞሪ ካርድ አስጭኖ እርሻ ድረስ ይዞት ይገባል። ከእነዚህ ወጣቶች መካከል እሁድ እሁድ በጉባኤ እጁን አንሥቶ የሚያመልክ አለ። ሲወጣ ቀስ ብሎ ይጠጋና «ፓስተር፣ ቴዲን መስማት ኃጢአት ነው እንዴ?» ይላል።

ጥያቄው ትልቅ ነው፣ አልንቀውም። በገላትያ ምዕራፍ 5 ከሥጋ ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ «ዘፋኝነት» የሚል ቃል አለ። በግሪኩ ቃሉ «ኮሞስ» ነው። ሰዎች ጠጥተው በሌሊት እየጨፈሩ የሚሄዱበትን ልቅ ፈንጠዝያ ያመለክታል። ይህን ስትሰማ «እፎይ፣ እኔን አይነካኝም» ብለህ አትቸኩል። አንተም ወላጅ፣ ቃሉን እንደ ዱላ አንሥተህ ወደ ልጅህ አትሩጥ። ሜሞሪውን ብትሰብረው ዘፈኑ ከስልኩ ይወጣል፣ ከልቡ ግን አይወጣም። ዛሬ ጌታ ሊነካ የሚፈልገው ልብን ነው። ጥያቄዬም ይኼ ነው፦ የማን አድናቂ ነህ?

ሕዝብ ሲያነግሥ፣ ሕዝብ ሲወግር

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14ን አውጣ። ጳውሎስና በርናባስ ልስጥራን ገቡ። ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ ሄዶ የማያውቅ ሰው ተፈወሰ። ሕዝቡ አበደ! በርናባስን ድያ፣ ጳውሎስን ሄርሜን ብሎ ሰየማቸው። የጣዖቱ ካህን ኮርማዎችና የአበባ አክሊሎች ይዞ መጣ። ሐዋርያቱ ግን ልብሳቸውን ቀደዱ፣ እኛም እንደ እናንተ ሰዎች ነን ብለው ጮኹ። ምዕራፉ ሳያልቅ ምን ሆነ? ከአንጾኪያና ከኢቆንዮን ሰዎች መጥተው ያንኑ ሕዝብ አግባቡት። ኮርማ ሊሠዋለት የነበረውን ጳውሎስን በድንጋይ ወገሩት፣ የሞተ መስሏቸው ከከተማ ውጭ ጎተቱት። ልብ በል፤ ሕዝቡ ያው ነው!

አሁን የቴዲን ነገር ተመልከት። በ1997 ዓ.ም. «ያስተሰርያል» የተባለው አልበም ሲወጣ አገሩ ሁሉ ዘፈነው። የመንግሥት ሬዲዮ ግን ዘጋው። በ2004 ዓ.ም. «ጥቁር ሰው» ሲወጣ ስለ ዐድዋና ስለ አፄ ምኒልክ የዘፈነው ለአንዱ ክብር፣ ለሌላው ቁስል ሆነ። በ2006 ዓ.ም. ከበደሌ ቢራ ጋር ሊያደርገው የነበረው የሙዚቃ ጉዞ በእርሱ ስም በወጣ አንድ ንግግር የተነሣ ታላቅ ተቃውሞ ገጠመው። እርሱ እኔ አላልኩም ቢልም ጉዞው ቀረ። የጉዞው ስም ምን ነበር? «ወደ ፍቅር ጉዞ»! በ2009 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ» የተባለው አልበሙ በቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ግን የምረቃው ዝግጅት አዲስ አበባ ላይ ተከለከለ። አምስት ወር ሳይሞላ፣ ጥር 2010 ዓ.ም.፣ ባሕር ዳር ስታዲየም በሕዝብ ሞላ።

አየህ? ማንሣት፣ መጣል፣ እንደገና ማንሣት። አንድ ሰው፣ ሚስትና ልጆች ያሉት፣ እንደ እኔና እንደ አንተ የሚደክመው ሰው፣ ይህን ሁሉ እንዴት ይሸከማል? የሰው ትከሻ ለአምልኮ አልተሠራም። አንተ «እወደዋለሁ» ትላለህ፤ የማይችለውን ሸክም ግን እየጫንክበት ነው። እውነት የምትወደው ከሆነ ጸልይለት። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ስለ ሰዎች ሁሉ ጸሎት ይደረግ ያለው ለዘፋኝም ይሆናል።

የተረሳው ሟች

ይህን ደግሞ በጥንቃቄ ስሙኝ። በ2000 ዓ.ም. ቴዲ ታሰረ። አንድ ቤት የሌለው፣ ጎዳና ላይ የሚኖር ወጣትን በመኪና ገጭቶ አመለጠ የሚል ክስ ነበር። እርሱ ክሱን አስተባበለ። ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎ የ6 ዓመት እስራት ፈረደበት፣ በይግባኝ 2 ዓመት ሆነለት፣ ነሐሴ 2001 ዓ.ም. ተፈታ። ብዙ አድናቂዎቹ ነገሩ ፖለቲካ ነው አሉ። የሚቃወሙት ደግሞ ደስ አላቸው።

እኔ ዳኛ አይደለሁም፣ በዚህ ትራክትም ያንን ፍርድ አልከፍትም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ደጋፊውም ነቃፊውም ስለ ዘፋኙ ሲከራከር፣ ለሞተው ልጅ ማን አለቀሰ? ማንስ ስሙን ያስታውሳል? አንተ ታስታውሰዋለህ? የዘፋኙን ግጥም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃልህ ትላለህ፤ የዚያን ልጅ ስም ግን አታውቅም።

ወገኖቼ፣ የአድናቂነት አደጋው እዚህ ላይ ነው። ዓይናችን አንድ ሰው ላይ ብቻ ሲተከል ሌላው ሰው ከፊታችን ይጠፋል። የአቤልን ደም የሰማ አምላክ ግን የዚያን ልጅ ስም ያውቃል። በሰሊጥ ካምፕ በወባ ወይም በካላዛር ሞቶ፣ ዘመድ ሳያውቅ የተቀበረውን ሳሉግ ስምም ያውቃል። የእግዚአብሔር ሰው የሆነ ሁሉ ዓይኑን ወደዚያ ይመልስ።

መተማ የምታስተምረን

ለእኛ ለመተማና ለቋራ ሰዎች ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ«ኢትዮጵያ» አልበም ውስጥ ቴዲ የዘፈነላቸው አፄ ቴዎድሮስ ከዚህ ከቋራ የተነሡ ናቸው። የቀድሞ ስማቸው ካሣ ነበር። በ1847 ዓ.ም. ነገሡ፤ ስንቱ ተከተላቸው! በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው ሲያጠፉ ግን አብዛኛው ሰው ከድቷቸው ነበር።

ከተማችን መተማ ዮሐንስ የማንን ስም ነው የያዘችው? የአፄ ዮሐንስን። እሳቸውም ከመንገሣቸው በፊት ካሣ ይባሉ ነበር። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. እዚሁ መተማ ከድርቡሽ ጋር ገጠሙ። ጦራቸው ወደ ድል ተቃርቦ ነበር። ንጉሡ ተመቱ የሚል ወሬ ሲዛመት ግን ያ ሁሉ ጦር ተፈታ። ጀግና ስላልነበረ አይደለም። የቆመው በአንድ ሰው ላይ ስለነበር፣ ሰውየው ሲወድቅ ሁሉም ወደቀ።

የዘፋኙ አባት ስም ደግሞ ካሣሁን ነው። ሦስት ጊዜ «ካሣ»! ካሣ ማለት ምን ማለት ነው? ለጠፋው፣ ለተበላሸው የሚከፈል ዋጋ ነው። የአልበሙ ስም «ያስተሰርያል» ነው፤ ይህም ከስርየት የመጣ ቃል ነው። እኔ የሚገርመኝ ይኼ ነው። ሕዝባችን ካሣ ይፈልጋል፣ ስርየት ይፈልጋል፣ እርቅ ይፈልጋል! ዘፋኙ የነካው ይህንን ጥማት ነው፤ ስለዚህ ለምን እንደወደድከው ይገባኛል። ከእናትህ ቤት ርቀህ፣ በቆላው ሙቀት፣ «ይቅር እንባባል» የሚል ድምፅ ስትሰማ ልብህ ቢቀልጥ አልፈርድብህም። ነገር ግን ዘፈን ስለ ስርየት ይዘፍናል እንጂ ስርየት አይሰጥም። የዕብራውያን መጽሐፍ እንደሚያስተምረን ስርየት ያለ ደም አይሆንም። ደሙን ያፈሰሰልህ ዘፋኝ የለም፤ ንጉሥም የለም። ኢየሱስ ብቻ ነው! ሃሌሉያ!

የእርሱም ተከታዮች በተያዘበት ሌሊት ተበትነው ነበር፤ ልክ እንደ መተማው ጦር። ልዩነቱ የት ላይ ነው? በሦስተኛው ቀን ንጉሡ ተነሣ! የተበተነው ጦር ተሰበሰበ፣ እስከ ዛሬም አልተፈታም። አሜን?

ሦስት መመዘኛ

ታዲያ ልብህ የት እንዳለ በምን ታውቃለህ? ሦስት ነገር ልስጥህ።

አንደኛ፣ ሲነቀፍ ምን ትሆናለህ? የኢየሱስ ስም ሲሰደብ ዝም ብለህ፣ የዘፋኙ ስም ሲነሣ ደምህ የሚፈላ ከሆነ ዙፋኑ ላይ ማን እንዳለ ራስህ መስክረሃል።

ሁለተኛ፣ ወንድምህን ያስለቅሰዋል? በእኛ ቆላ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሌላም አገር የመጣ ሰው አብሮህ ያጭዳል፣ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ አብሮህ ይዘምራል። አንተ በኩራት የምትከፍተው ዘፈን እርሱ ቤት የሌላ ነገር ትዝታ ሊቀሰቅስ ይችላል። በዚህ ምድር በብሔር ምክንያት ስንት ደም እንደፈሰሰ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ወንድሙን የሚያሰናክል ከሆነ ሥጋ መብላት እንኳ እስከ ወዲያኛው ሊተው ወሰነ። አንተ ስለ ወንድምህ ስትል ድምፁን መቀነስ ያቅትሃል?

ሦስተኛ፣ በጨነቀህ ሌሊት ማንን ትጠራለህ? ወባው አንቀጥቅጦህ፣ የስልክህ ባትሪ አልቆ፣ ካምፑ ሲጨልም ዘፋኙ አይሰማህም፤ ስምህንም አያውቀውም። የሚሰማህ አንድ አለ። ያንን ብቻ አምልክ።

ለእኛ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ቃል አለኝ። ዘፋኙን ጥለን ዘማሪውን፣ ሰባኪውን፣ «ነቢዩን» ካነሣን ኮርማው ያው ኮርማ ነው፤ መሠዊያው ብቻ ተቀየረ። የቆሮንቶስ ሰዎች ለጳውሎስና ለአጵሎስ ተከፋፍለው ተቧደኑ፤ እነዚያ እኮ የጌታ አገልጋዮች ነበሩ! ፖስተር ላይ ያለው የሰው ፎቶ ከመስቀሉ በላይ ከጎላ እኛም ልስጥራን ገብተናል።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ዛሬ ልብህን ለጌታ ልትመልስ ከፈለግህ ባለህበት፣ በማሳውም ሆነ በባጃጁ ውስጥ፣ አብረኸኝ ጸልይ፦

«ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ለአንተ የሚገባውን ቦታ ለሰው ሰጥቼ ከሆነ ይቅር በለኝ። ካሣዬን የከፈልከው አንተ ነህ፤ ንጉሤም አንተ ነህ። የምወደውን ዘፋኝ አንተ ጎብኘው፣ ቤተሰቡን ባርክ። ያልወደድኩትን ወንድሜን እንድወድ ልብ ስጠኝ። ማንም ያላሰበውን ሰው እንዳይ ዓይኔን ክፈት። በስምህ፣ አሜን።»

ይህን ከጸለይክ ዛሬውኑ አንድ ነገር አድርግ። ከሌላ አገር የመጣውን፣ ከጎንህ የሚሠራውን ልጅ ስሙን ጠይቀው። ከዚያም ይህን ትራክት ስጠው። ጌታ ይባርክህ!