ጠጥቶ ስለ መንዳት ቅጣትና ስለ ሞተር መቈለፊያ
ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ



ኦቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት መንገደኛ የሚሄደው በእግሩ፥ በበቅሎ ወይም በፈረስ ነበር። ሰው ከግብር ወይም ከሠርግ ጠጥቶ ሲመለስ በበቅሎው ላይ ቢያንቀላፋ፥ በቅሎዪቱ መንገዱን ታውቃለችና ጌታዋን ከደጁ ታደርሰው ነበር። መኪና ግን ዓይንም ልብም የለውም፤ ዓይኑም ልቡም ነጂው ነው። ነጂው የሰከረ እንደ ሆነ መኪናው ዕውር ሆኖ ይሄዳል።

በአዲስ አበባ ደቡብ ያለውን የንፋስ ስልክ ላፍቶን ክፍለ ከተማ ማየት ነገሩን ለመረዳት ይበቃል። ንፋስ ስልክ ማለት ያለ ሽቦ ወሬ የሚያስተላልፈው ጥበብ ነው፤ ሰፈሩም በዚሁ ስም ተጠራ። ከቢሾፍቱ በቃሊቲ የሚመጣው መንገድ በሳሪስ አልፎ ወደ ጎተራ ይደርሳል፤ የቀለበቱም መንገድ በዚያው ያልፋል፤ በጎፋ፥ በመካኒሳ፥ በለቡና በጀሞ ብዙ ሕዝብ ሰፍሯል። እህል የጫነ አይሱዙ፥ ሚኒባስ ታክሲ፥ አውቶቡስ፥ እግረኛና ተማሪ በአንድ መንገድ ይተላለፋሉ። ከገጠር ለገበያ፥ ለሕክምና ወይም ለልቅሶ የመጣ ሰው ነጂውን አያውቀውም፤ ነገር ግን ነፍሱን በአደራ ይሰጠዋል። ስለዚህ ይህ ጕዳይ የከተማ ሰዎች ብቻ አይደለም።

አንደኛ፤ መጠጥ በሰውነት ውስጥ ስለሚሠራው ሥራ።

ብዙ ሰዎች አረቄ ያሰክራል፥ ጠላ ግን ቀላል ነው ይላሉ። ነገሩ በሒሳብ ሲመረመር እንዲህ አይደለም። ከመቶ 4 እጅ አልኮል ያለበት ግማሽ ሊትር ጠላ 20 ሚሊ ሊትር አልኮል አለው። ከመቶ 45 እጅ አልኮል ያለበት 45 ሚሊ ሊትር አረቄም ያንኑ ያህል አለው። ልዩነቱ በዋንጫውና በመለኪያው መጠን ነው እንጂ ወደ ደም የሚገባው አልኮል አንድ ነው።

በደም ውስጥ ያለው አልኮል የሚጠራው በጉበት ነው። ምንም እንኳ ሰው ከሰው ቢለያይ፥ በአንድ ሊትር ደም ውስጥ ያለው አልኮል በየሰዓቱ 0.15 ግራም ያህል ይቀንሳል። ቡና መጠጣት፥ ፊትን መታጠብ፥ ጥሬ ሥጋ መብላት ይህን አያፋጥነውም። እንግዲህ አንድ ነጂ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ መጠጡን ሲያቆም በአንድ ሊትር ደሙ ውስጥ 1.6 ግራም አልኮል ቢኖር፥ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሥቶ ሚኒባሱን ሲያስነሣ 0.85 ግራም ገና በደሙ ውስጥ አለ። ፈጽሞ የሚጠራለት ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ነው። ይህ ሰው ተኝቶ ስለ ተነሣ አልሰከርሁም ይላል፤ ይሁን እንጂ የመጀመሪያዎቹን ተሳፋሪዎች የሚጭነው ስካሩ ሳይለቀው ነው።

ሁለተኛ፤ የኢትዮጵያ ሕግ ስለ ወሰነው ቅጣት።

በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ መቈጣጠሪያ ደንብ ቍጥር 208 በአንድ ሊትር ደም 0.8 ግራም አልኮልን ወሰን አደረገ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ግን ከ0.5 ግራም እንዳያልፍ፥ ለአዲስ ነጂዎችም ከ0.2 ግራም እንዳያልፍ ነው። የመቀጮው ልክ በየጊዜው በሚወጡ ደንቦች ስለሚሻሻል፥ መምህራን የጸናውን ደንብ ከቅርብ ጽሕፈት ቤት ጠይቀው ለሕዝብ ቢያነቡ መልካም ነው።

ሰው የሞተ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ከመቀጮ ያልፋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በተራ ቸልተኝነት ሰው የገደለውን ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እሥራት ወይም በገንዘብ መቀጮ ይቀጣል። ራሱን በሚያሰክር ነገር አስቶ የገደለውን ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣዋል። በአንቀጽ 50 ደግሞ በገዛ ጥፋቱ ራሱን ያሰከረ ሰው በስካሩ ምክንያት ከኀላፊነት ነጻ እንደማይሆን ተደንግጓል። «ሰክሬ ነበርና አላወቅሁም» ማለት በባላገር ሸንጎ ምሕረት ያስገኝ ይሆናል፤ በፍርድ ቤት ግን ጥፋቱን ያከብደዋል እንጂ አያቃልለውም። የሽማግሎች ዕርቅም የሟችን ወገን ኀዘን ያበርዳል፤ የመንግሥትን ክስ ግን አያስቀርም።

ቅጣት አስፈላጊ ነው። ዳሩ ግን ከአደጋ በኋላ የሚመጣ ቅጣት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ነው። ነጂው ቢታሰር የሞተው ልጅ አይነሣም፤ ሁለት ቤት ይፈርሳል እንጂ። ደግሞም ሰውን የሚያስፈራው የቅጣቱ ክብደት ብቻ ሳይሆን፥ እያዛለሁ ብሎ ማመኑ ነው። የትራፊክ ፖሊስ ትንፋሽ የሚመረምረው በአንዳንድ ቦታና በአንዳንድ ሌሊት ስለ ሆነ፥ የጠጣ ነጂ ሁሉ አይያዝም።

ሦስተኛ፤ በሌሎች አገሮች ስለሚሠራው መቈለፊያ።

ጠጥቶ በመንዳት የተቀጣው የመጀመሪያው ሰው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1897 በሎንዶን የተያዘ የታክሲ ነጂ ነው ይባላል፤ የተቀጣውም 25 ሽልንግ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሊቃውንት ከቅጣት የሚቀድም ነገር ሲፈልጉ ቈይተው፥ ትንፋሽ ሳይመረምር ሞተር የማያስነሣ መሣሪያ ሠሩ። ነጂው ከመነሣቱ በፊት በመሣሪያው ቧንቧ ይተነፍሳል፤ በትንፋሹ ውስጥ ከተወሰነው ልክ በላይ አልኮል ቢገኝ ሞተሩ አይነሣም። በጕዞም ላይ ሳለ መሣሪያው እንደ ገና እንዲተነፍስ ያዘዋል፤ የተገኘውንም ሁሉ ይመዘግባል።

በአሜሪካ የካሊፎርንያ ግዛት ይህን መሣሪያ የሚመለከት ሕግ በ1986 አወጣች፤ ዛሬ 50ዎቹ ግዛቶች ሁሉ እንዲህ ያለ ሕግ አላቸው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በቨርጂኒያ ከ2012 ጀምሮ በመጀመሪያው ጥፋቱ የተፈረደበት ነጂ እንኳ መኪናው ላይ እንዲያስገባው ተደንግጓል። በፊንላንድ ከ2011 ጀምሮ ተማሪዎችን ወደ ትምህርት ቤት የሚያመላልሱ መኪናዎች፥ በፈረንሳይም ከ2015 ጀምሮ አውቶቡሶች ይህ መቈለፊያ እንዲኖራቸው ታዘዘ። እነዚህ ነጂዎች አጥፍተው አይደለም፤ የሰው ልጅ አደራ ስለ ያዙ ነው።

ነገር ግን መሣሪያው ሳለ ጥፋት ቢቀንስም፥ በተነሣ ጊዜ ብዙዎች ወደ ልማዳቸው እንደሚመለሱ በምርመራ ታውቋል። ብረት እጅን ይይዛል፤ ልማድን ግን አይለውጥም።

አራተኛ፤ መሣሪያው በሌለበት ስፍራ መቈለፊያው ማን እንደ ሆነ።

በኢትዮጵያ ይህን መሣሪያ በሕግ ማስገደድ ገና አልተጀመረም። እስከዚያ ድረስ መቈለፊያው ሰው ነው። በአገሩ ልማድ እንግዳ ጠግቦ ሳለ «በሞቴ» እየተባለ ይጨመርለታል፤ እንቢ ያለም እንደ ኵሩ ይቈጠራል። ይህ መልካም ልማድ መሪ ለያዘ ሰው ሲደረግ ወደ ገዳይነት ይለወጣል። ስለዚህ በሠርግ፥ በማኅበርና በተዝካር ቤት ገና የመጀመሪያው ዋንጫ ሳይቀዳ ነጂው ማን እንደ ሆነ ይጠየቅ፤ ለእርሱም ብርዝ፥ ውኃና ቡና በክብር ይቅረብለት። መጠጣት የፈለገ እንደ ሆነ ግን የመኪናውን ቍልፍ አስቀድሞ ለቤቱ እመቤት ይስጥ፤ መኝታም ይዘጋጅለት። ከሦስተኛው ዋንጫ በኋላ ቍልፍ የሚሰጥ ሰው የለምና።

ቍልፍ መቀበል ቀላል አይደለም። ባለጸጋው ይቈጣል፤ ሾፌሩ እንጀራውን ፈርቶ ጌታው ንዳ ሲለው ይነዳል፤ ወጣቱም ተደፈርሁ ይላል። ይህን አንድ ሰው ብቻውን ሊያደርገው አይችልም፤ እድር ግን ይችላል። እድር ሬሳ ለማንሣት ድንኳንና ገንዘብ እንደሚያዘጋጅ ሁሉ፥ በድንኳኑ ውስጥ ነጂ እንዳይጠጣ፥ የጠጣውም ቍልፉን ለዳኛው እንዲያስረክብ በመተዳደሪያ ደንቡ ቢጽፍ፥ ትእዛዙ የማኅበር እንጂ የአንድ ሰው ድፍረት አይሆንም።

መምህራንም ከላይ የተነገረውን የጠላና የአረቄ ሒሳብ፥ የሰዓቱንም ሒሳብ በጥቍር ሰሌዳ ላይ ለተማሪዎች ያውጡ። አባቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ መኪና የሚያስነሣ ልጅ ሒሳቡን ወደ ቤቱ ይዞት ይገባል።