ለቤት የሚሆን ፕሪንተር፤ ኢንክጄት ወይስ ሌዘር?

(ለተርጓሚዎችና ለአርታዒያን የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ከታላላቆቹ የሙያችን ጥያቄዎች አንጻር ሲታይ አነስተኛ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ከመካከላችን ብዙዎቹ ረቂቃቸውን በወረቀት ላይ አንብበው ሳያርሙ ለአሳታሚ ማስረከብ አይወዱም። ስለዚህ በቤታችን የምናኖረው ፕሪንተር እንደ መዝገበ ቃላታችን ሁሉ የሙያ መሣሪያ ነው።

በቅድሚያ የሁለቱን አሠራር እንመልከት። ኢንክጄት ፈሳሽ ቀለምን እጅግ ጠባብ በሆኑ ቀዳዳዎች አማካይነት በወረቀቱ ላይ ይረጫል። ሌዘር ግን በፈሳሽ አይሠራም። ብርሃኑ በሚሽከረከር ከበሮ ላይ የፊደሉን ምስል በኤሌክትሪክ ቻርጅ ይስላል፤ ቶነር የተባለው ደረቅ ዱቄት በምስሉ ላይ ይጣበቃል፤ ከዚያም ወደ ወረቀቱ ተላልፎ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀት ይቀልጥና ይያዛል። ይህን መሣሪያ ጋሪ ስታርክዌዘር በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማእከል በ1971 እ.ኤ.አ. ሠርቶ አሳየ። ሂውሌት ፓካርድ ሌዘርጄትን በ1984 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲያቀርብ ዋጋው 3,495 ዶላር ነበር፤ ዛሬ ጥቁር ብቻ የሚያትሙ አነስተኛ ሌዘሮች ከዚያ እጅግ ባነሰ ዋጋ ይሸጣሉ።

ገዢ ዘወትር የሚጠይቀው ዋጋውን ነው፤ አስተዋዩ ደግሞ በወር ስንት ገጽ እንደሚያትም ያሰላል። እኔ ሦስተኛ ጥያቄ እጨምራለሁ፤ በአንዱ ሕትመትና በሚቀጥለው መካከል ስንት ቀን ያልፋል? የእኛ ሥራ ወቅት አለው። መጽሐፍ በመተርጎም ላይ ሳለን ለወራት አንድም ገጽ ላናትም እንችላለን፤ ከዚያ በሦስት ቀን ውስጥ 400 ገጽ ያስፈልገናል። መሣሪያው ሥራ ፈትቶ በቆየ ቁጥር ፈሳሹ ቀለም በቀዳዳዎቹ ውስጥ ይደርቃል፤ ቀዳዳዎቹን ማጽዳትም ራሱ ቀለም ይጨርሳል። ዱቄት ግን ስለማይደርቅ ከወራት ዕረፍት በኋላም ያለ ችግር ያትማል።

ሁለተኛው ነጥብ ፊደላችንን ይመለከታል። በተራ ወረቀት ላይ ፈሳሽ ቀለም ጥቂት ይሰርጋል። በትንንሽ ፊደል በተጻፈ የግርጌ ማስታወሻ የ«ሴ» ቀለበት ከተደፈነ «ሴል» የተባለው ቃል «ሲል» ሊመስል ይችላል። ለአራሚ ዓይን ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ቶነር በወረቀቱ ላይ ስለሚቀመጥ የፊደሉ ጠርዝ ጥርት ብሎ ይታያል።

ሌዘር እንከን የለሽ ነው ማለቴ አይደለም። ማሞቂያው ሲሠራ ብዙ መቶ ዋት ይስባል፤ ስለዚህ ለኮምፒዩተር በተገዛ አነስተኛ ዩፒኤስ ላይ መሰካት የለበትም። ኢንክጄት የሚፈልገው ኃይል አነስተኛ ነው። ሆኖም በሕትመት መካከል መብራት ሲጠፋ የቀለሙ ራስ ሳይከደን ሊቀር ይችላል፤ መብራት እንደተመለሰ መሣሪያውን አብርቶ በራሱ ቁልፍ ማጥፋት ይገባል።

ፎቶግራፍ ወይም የልጆችን ባለቀለም የትምህርት ሥዕል በየሳምንቱ የሚያትም ቤተሰብ ኢንክጄትን ቢመርጥ ትክክል ነው፤ በተለይ ቀለሙ ከጠርሙስ የሚሞላው ዓይነት የእያንዳንዱን ገጽ ወጪ በእጅጉ ይቀንሳል። በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚፈለግ ባለቀለም ገጽ ሲባል እርሱን መግዛት ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው፤ ያን ገጽ ማተሚያ ቤት ያትምልን።

እንግዲህ ሥራው ጽሑፍ ለሆነ፣ የሚያትመውም አልፎ አልፎ ለሆነ አባል ምክሬ ጥቁር ብቻ የሚያትም ሌዘር ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ግን የመተኪያው ቶነር በከተማችሁ መኖሩን አረጋግጡ፤ ዋጋውንም ለሚያትመው ገጽ ብዛት አካፍሉ። ከአዲስ መሣሪያ ጋር የሚመጣው ቶነር ብዙ ጊዜ ሙሉ እንዳልሆነም አትዘንጉ።