የፊደል መጻፊያው ፕሮግራምና አልነሣ ያለው ኮምፒዩተር



በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ አሮጌ ኮምፒዩተር አልነሣ ሲል በጥገና ቤት የሚሰጠው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ»። ዛሬ ይህን ፍርድ ልሟገት መጥቻለሁ።

በኋላ ከተጫኑት ፕሮግራሞች መካከል እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው የግዕዝ ፊደል መጻፊያውን ነው። ዊንዶውስ የአማርኛ ፊደልና የቁልፍ ሰሌዳ ይዞ የመጣው በ2007 እ.ኤ.አ. ከቪስታ ጋር ነውና፣ ከዚያ በፊት እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ተጨማሪ ፕሮግራሞች እንጽፍ ነበር። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ከማሽኑ ጋር አብሮ ተነሥቶ በቁልፍ ሰሌዳውና በጽሑፉ መካከል ይቀመጣል። ሁለት ዓይነት በአንድ ማሽን ላይ ሲገናኙ፣ በዚያ ላይ ጸረ ቫይረስ ሲጨመር፣ ሚሞሪው ጠባብ የሆነ ማሽን ገና ሲነሣ ደርቆ ሊቀር ይችላል።

ማሽኑ ከየት እንደ መጣ አስቀድሞ ይጠየቅ። በሐረጎ ጠመዝማዛ እየተንገጫገጨ የወረደ ከሆነ የሚሞሪ ካርዱ ተናግቶ ይሆናልና ተነቅሎ ይተከል። ይህ ካልፈታው፣ እንደ በራ ኤፍ 8ን ደጋግሞ በመጫን በሴፍ ሞድ ማስነሣት ነው። ሴፍ ሞድ መሠረታዊውን ብቻ ስለሚጭን፣ በዚህ ከተነሣ ዲስኩን ለመኰነን መቸኰል አይገባም። በ98ና በኤክስፒ ላይ ኤምኤስኮንፊግ አብረው የሚነሡትን ይዘረዝራል። እኩሌታውን አጥፍቶ መሞከር ነው፤ ከተነሣ ጥፋተኛው ከጠፉት ውስጥ ነው፤ ካልተነሣ ከቀሩት። እንዲህ እያጋመሱ 16 ተጠርጣሪ በ4 ሙከራ ወደ አንድ ይወርዳል።

ጥፋተኛው የፊደሉ ፕሮግራም ሆኖ ሲገኝ ግን «ይወገድ» ለማለት አንቸኩል። ፊደላችን በዩኒኮድ ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3ኛ እትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሠሪ ፊደላቱን በላቲን ፊደል ቁጥሮች ላይ እንደ መሰለው ይደለድል ነበር፤ አንድ ፎንት ከ256 በላይ ስለማይዝም ብዙዎቹ ለሁለትና ከዚያ በላይ ከፈሏቸው። ስለዚህ ቃለ ጉባኤው፣ የደመወዝ ዝርዝሩ፣ የውል ወረቀቱ በዲስኩ ላይ የተቀመጠው በላቲን ቁጥር ነው፤ አማርኛ የሚያደርገው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ከጠፋ የሚታየው የምልክት ዝንቅ ብቻ ነው፤ ይህን ያየ ጸሐፊም «ቫይረስ ነው» ብሎ በገዛ እጁ ይሰርዘዋል።

እንግዲህ ምንም ከመነካቱ በፊት ሰነዶቹና በፎንት ማኅደሩ ያሉት የግዕዝ ፎንቶች ሁሉ አብረው ይገልበጡ። በ95ና በ98 ላይ ፍላሽ በሴፍ ሞድ ስለማይሠራ፣ ዲስኩን ነቅሎ በሌላ ማሽን ላይ መትከል ይቀላል። የፕሮግራሙ ስምና እትምም በወረቀት ተጽፎ አብሮ ይቀመጥ፤ ሰነዱን ወደ ዩኒኮድ የሚለውጠው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እርሱን ነው።